ወተት ሳንባን አያጥብም

ከዱከም ተነስቶ በቢሾፍቱና በሞጆ በኩል አዳማ በሚደርሰው የፋብሪካ መስመር፣ ብረት በሚቆረጥበት፣ በሚበየድበትና በሚሞረድበት ቤት ሁሉ የታወቀ ልማድ አለ። አቧራና ጭስ ያለበት ሥራ የሚሠራ ሰው ወተት ይጠጣል። በአንዳንዱ ቤት አሠሪው በራሱ ፈቃድ ይሰጣል፣ በአንዳንዱ የኅብረት ስምምነት ውስጥ ገብቶ የሠራተኛው መብት ሆኗል፣ በትናንሾቹ የበርና መስኮት ቤቶች ደግሞ በያጁ ከራሱ ኪስ ይገዛል። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ የትም ቦታ ያው ነው፦ “አቧራውን ያጥበዋል።” ከወተቱ ጎን ማስክ አለ። ከማስኩ ቀጥሎ ደግሞ “እስካሁን በዚህ የታመመ አላየንም” የሚለው ማረጋገጫ ይመጣል። አሠሪውም፣ ፎርማኑም፣ ብዙ ጊዜ ሠራተኛው ራሱም በእነዚህ ሦስት ነገሮች ተስማምተው ይኖራሉ። እኔ ሦስቱም አይቆሙም ባይ ነኝ። ወተቱ እንደማይሠራ ማሳየት ቀላል ነው፣ ወደዚያ እመጣለሁ። ከዚያ የከፋው ግን ወተቱ የሠራ መስሎ ሒሳቡን መዝጋቱ ነው። ወተት የተሰጠው ሠራተኛ የሚገባውን እንዳገኘ ይቆጠራል፣ ወተት የሰጠ አሠሪም ግዴታውን እንደተወጣ ይሰማዋል፣ ዋናው ጥያቄ፣ ማለትም ይህ ቤት ውስጥ የሚተነፈሰው አየር ምን ያህል ብረት ይዟል የሚለው፣ ጠያቂ አጥቶ ይቀራል።

ከሰውነታችን አሠራር ልጀምር። የሚዋጥ ነገር በጉሮሮ አልፎ ወደ ጨጓራ ይወርዳል፣ የሚተነፈስ ነገር በአየር ቧንቧ ወደ ሳንባ ይገባል። ሁለቱ መንገዶች ጉሮሮ ላይ ይለያያሉ፣ ስንውጥም የአየር ቧንቧው በክዳኑ ይዘጋል። ወተት ስቶ ወደ አየር ቧንቧ ቢገባ ትንታ ይሆናል፣ ሲብስም የሳንባ ምች ያመጣል። ስለዚህ ወተቱና ብናኙ የሚገናኙበት ቦታ የለም። “ስጠጣው ግን ይቀለኛል” የሚል በያጅ አይዋሽም፤ የደረቀና የተቆጣ ጉሮሮ በወተትም በውኃም እፎይ ይላል። እፎይ ያለው ግን ጉሮሮው ብቻ ነው። ጉሮሮ ላይ የሚያዘው ብናኝ ደግሞ ሰውነት በራሱ የሚያስወጣው ነው። ከ10 ማይክሮን የሚበልጠው በአብዛኛው ከአፍንጫና ከጉሮሮ አያልፍም፣ በንፍጥና በአክታ ተጠርጎ ይወጣል፣ ጠዋት ጠዋት ጥቁር አክታ የሚታየውም ለዚህ ነው። ለሳንባ የሚያሰጋው ከ4 ማይክሮን በታች የሆነው ደቃቅ ብናኝ ነው። የአንድ ጠጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ስለሆነ፣ የምናወራው ዓይን ፈጽሞ ስለማያየው ነገር ነው። እሱ እስከ መጨረሻዎቹ የአየር ከረጢቶች ይዘልቃል። እዚያ ጠርጎ የሚያወጣ አክታ የለም፤ ያለው ባዕድ ነገርን የሚውጥ የመከላከያ ሕዋስ ነው። ሕዋሱ የዋጠውን መፍጨት ሲያቅተው ይሞታል፣ ሲሞት የሚለቀው ንጥረ ነገር አካባቢውን ያስቆጣል፣ ቁጣው ለዓመታት ሲደጋገም ጠባሳ ይሆናል። ጠባሳ የሆነ የሳንባ ክፍል አይለጠጥም፣ ኦክስጅንም በደንብ አያሳልፍም። እዚያ ድረስ ሄዶ የሚያጸዳ መጠጥ አልተገኘም።

አንድ በያጅ የመስኮት ፍሬም ሲሠራ ከቅርብ እንየው። ቱቦላሬውን መሬት ላይ ወይም ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ ያጋድማል፣ ይጎነበሳል፣ የፊት መከላከያውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ኤሌክትሮዱን ያስጠጋል። ብልጭታው ያለበት ቦታ ሙቀቱ በሺዎች ዲግሪ የሚቆጠር በመሆኑ ብረቱ ከመቅለጥ አልፎ ይተናል፣ የተነነውም አየር ሲነካው ወዲያው ቀዝቅዞ በአብዛኛው ከ1 ማይክሮን ያነሰ ቅንጣት ይሆናል። ጭስ የምንለው ይህንኑ ነው። ጭሱ ትኩስ ስለሆነ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከላዩ ያለው ደግሞ የጎነበሰው ሰው ፊት ነው። መከላከያው ዓይኑን ከብርሃኑ ያድንለታል፣ ጭሱ ግን ከሥር እየገባ በመከላከያውና በፊቱ መካከል ይጠራቀማል። ብየዳው ሲያልቅ ግራይንደሩ ይነሳና የተበየደው ቦታ ይላጋል። ሰው ሁሉ የሚሸሸው የእሳቱን ፍንጣሪ ነው፣ ፍንጣሪው ግን ትልቁና ቶሎ መሬት የሚወርደው ክፍል ነው። ደቃቁ አብሮ ይነሳና ሰዓታት አየር ላይ ይቆያል። ማታ ሲሆን ወለሉ በደረቁ ይጠረጋል፣ ማሽኑና የሥራ ልብሱም በኮምፕረሰር አየር ይነፋል፣ ቀኑን ሙሉ የረጋው ብናኝ ሁሉ በዚያች ሰዓት እንደገና ይነሳል። ጽዳት የሚባለው ሥራ ከቀኑ ሁሉ ብናኝ የሚበዛበት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ጉዳዩን በመጠኑ የሚያውቁ ሰዎች አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው፣ በቀላሉ መታለፍም የለበትም። የብረት ብናኝ በራሱ ያን ያህል አይጎዳም ይላሉ። ማስረጃም አላቸው። ጀርመናዊው ሐኪም ዜንከር በ1867 እ.ኤ.አ. የብረት ብናኝ የሞላበትን ሳንባ አጥንቶ ሲዴሮሲስ የሚል ስም ከሰጠው ወዲህ በሽታው ብዙ ተመርምሯል። በእንግሊዝ ዶይግና ማክላፍሊን የተባሉ ሐኪሞች በ1936 እ.ኤ.አ. የበያጆችን ሳንባ በኤክስሬይ አንስተው ነጠብጣብ ማየታቸውን አሳተሙ፣ በ1948 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከጭሱ በራቁ ሰዎች ላይ ነጠብጣቡ ሊደበዝዝ እንደሚችል ጻፉ። ንጹሕ የብረት ኦክሳይድ ብቻውን ከባድ ጠባሳ ብዙም አያመጣም የሚለው እውቀት ከዚያ የመጣ ነው። እቀበለዋለሁ። ነገር ግን በአዳማም ሆነ በዱከም ንጹሕ የብረት ኦክሳይድ ብቻ የሚተነፍስ ሠራተኛ የለም። የኤሌክትሮዱ ልባስ ሲቃጠል ማንጋኒዝና ፍሎራይድ ከጭሱ ጋር ይመጣል። ዝገት የማይነካው ብረት ሲበየድ ክሮሚየምና ኒኬል ይጨመራል። ቶርኖ ቤት የካርባይድ ምላጭ የሚስለው ሰው የሚተነፍሰው ኮባልት ያለበት ብናኝ ሳንባን የሚያጠብብ፣ አንዳንዴም በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሚከሰት በሽታ እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። ብረት ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ በሚፈስስበት ቤት ሲሊካ አለ፣ ሲሊካ የሚያመጣው ሲሊኮሲስ ደግሞ ሰውየው ሥራውን ከተወ በኋላም ሊብስ ይችላል፣ መድኃኒትም የለውም። በመጋቢት 2017 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የብየዳ ጭስን፣ የተለመደውን የብረት ብየዳ ጭስ ጨምሮ፣ በሰው ላይ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጠባቸው ነገሮች ተርታ መደበው። በዓለም ላይ 11 ሚሊዮን ያህል ሰው በያጅ ተብሎ እንደሚሠራ፣ ከዚያ በተጨማሪ 110 ሚሊዮን ገደማ በሥራው ምክንያት ጭሱ እንደሚደርሰውም ገምቷል። በየካቲት 2019 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የሥራ ጤና ተቆጣጣሪ ተራ ብረትም ቢሆን ቤት ውስጥ ሲበየድ ጭሱ ከምንጩ መመጠጥ አለበት ብሎ ደንቡን አጠበቀ። “ብረት አይጎዳም” የሚለው አባባል ከ70 ዓመት በፊት ስለ አንድ ንጥረ ነገር የተባለ እውነት ነበር። ዛሬ ስለ ሙሉው ጭስ ሲነገር ሠራተኛውን ያሳስታል።

ማስክስ? ማስክ መልካም ነው፣ ግን የትኛው ማስክ? በየሱቁ የሚሸጠው የጨርቅ ማስክና ሐኪሞች የሚያደርጉት ሰማያዊው ማስክ ለብየዳ ጭስ አልተሠሩም፣ በጎናቸው ክፍት ናቸው፣ ጭሱም የሚያልፈው በዚያው ነው። ኤን95 የሚባለው ዓይነት በደንብ ፊት ላይ ከተጣበቀ 95 በመቶውን ደቃቅ ብናኝ ያስቀራል፣ ነገር ግን ጢም ያለው ሰው ላይ አይጣበቅም፣ በላብ ሲርስ ለመተንፈስ ይከብዳል፣ ሲደፈንም መለወጥ አለበት። በአዳማ የቀትር ሙቀት፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ 8 ሰዓት ሙሉ ከፊቱ ሳያወልቀው የሚሠራ ሰው መጠበቅ ከሰው የማይቻለውን መጠየቅ ነው። በሥራ ጤና ሙያ የጥበቃ ቅደም ተከተል አለ፤ መጀመሪያ ጎጂውን ነገር ማስወገድ፣ ካልሆነ ጉዳቱ ባነሰ ነገር መተካት፣ ካልሆነ በመሣሪያ ከምንጩ መያዝ፣ ከዚያ የሥራውን አደረጃጀት መለወጥ፣ ማስክ በመጨረሻ። እኛ ቅደም ተከተሉን ገልብጠን ከመጨረሻው ጀመርን፣ እዚያውም ቆምን። ግልበጣው ያለ ምክንያት አልመጣም። ማስክ ኃላፊነቱን ወደ ሠራተኛው ፊት ያዛውረዋል። ከታመመ “ማስኩን አውልቆ ነው” ይባላል፣ አየሩን ማን አበላሸው ተብሎ ግን አይጠየቅም።

አዳማ ነፋሻ ከተማ መሆኗም እንደ መከላከያ ይቀርባል። ነፋሱ የንፋስ ኃይል ማመንጫ እስኪተከልበት ድረስ ብርቱ ስለሆነ በሩ ከተከፈተ ጭሱን ይወስደዋል ይባላል። እውነትነት ያለው በግማሹ ነው። ክፍት ቦታ ከተዘጋ ቤት ይሻላል፣ ጀርባን ሳይሆን ጎንን ለነፋስ ሰጥቶ የሚበይድ ሰውም ከጭሱ በብዙ ይድናል። ነገር ግን ነፋሱ ከኋላ ሲመጣ የሰውየው ሰውነት ራሱ ይከልለውና ጭሱ ከፊቱ ይሽከረከራል፣ ነፋሱ ከፊት ሲመጣ ደግሞ በቀጥታ ይነፋበታል። የተከፈተ በር የቤቱን አየር በጠቅላላው ያቀልላል፣ በኤሌክትሮዱና በአፍንጫው መካከል ያለችውን ክንድ የማታህል ርቀት ግን አያጸዳም። በሽታው የሚፈጠረው እዚያች ርቀት ላይ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ማረጋገጫ እንምጣ፣ “የታመመ አላየንም” ወደሚለው። ይህን የሚሉ ሰዎች በቅንነት እንደሚናገሩ አልጠራጠርም። ያላዩት ግን የሚያሳይ ነገር ስላልተዘረጋ ነው። በአገራችን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለ ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቲቢ ነው። ኢትዮጵያ ቲቢ ከበረታባቸው አገሮች አንዷ ስለሆነች ጥርጣሬው ትክክል ነው። ችግሩ የአክታው ምርመራ ነጻ ሲሆን ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ አለመኖሩ ነው። የጣሊያኑ ሐኪም ራማዚኒ ስለ ሠራተኞች በሽታ የጻፈውን መጽሐፍ በ1700 እ.ኤ.አ. አሳትሞ፣ ሐኪም በሽተኛውን ሥራህ ምንድን ነው ብሎ እንዲጠይቅ መክሮ ነበር። ይህ ጥያቄ በካርዱ ላይ ካልተጻፈ የበያጁ ሳል ብሮንካይት፣ አስም ወይም “ደረት ቀዝቅዞት” ተብሎ ይመዘገባል። ሲሊካ የተነፈሰ ሰው በቲቢ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው እንደሚጨምርም ይታወቃል፤ እንግዲህ ቲቢ የተገኘበት ሠራተኛ እንኳ ቢሆን በሥራው ምክንያት የተጋለጠ ሊሆን ይችላል፣ መዝገቡ ላይ የሚታየው ግን ቲቢው ብቻ ነው።

ከዚህም የሚረቅ አለ። ጋልቫናይዝድ ብረት ሲበየድ ልባሱ ላይ ያለው ዚንክ ይተንና ይተነፈሳል። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ማታ ሰውየው ቤቱ ከገባ ወዲያ፣ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳት ይነሳበታል፣ ጡንቻው ይቆረጣጠማል፣ አፉ ውስጥ የብረት ጣዕም ይሰማዋል። በአንድ በሁለት ቀን ይለቀዋል። ወባ ባለበት በስምጥ ሸለቆ ከተማ ይህን የሚያይ ሰው ሁሉ ምን እንደሚል ግልጽ ነው። ወባ ነው ይባላል፣ ደም ተመርምሮ ካልተገኘም “አልታየም እንጂ ወባ ነው” ይባላል። ሕመሙ ግን የብረት ጭስ ትኩሳት ይባላል፣ ልዩ ጠባይም አለው። ሰውነት ሳምንቱን ሙሉ ይለምደውና ይቀንሳል፣ እሑድ ካረፈ በኋላ ሰኞ ሲመለስ ይበረታል። ከጥጥ ብናኝ የሚመጣው ቢሲኖሲስም እንዲሁ በሰኞ ይታወቃል፣ ከእረፍት የተመለሰው ሠራተኛ ደረቱ የሚጠብበው በሳምንቱ የመጀመሪያ ቀን ነው። ፎርማን ይህን ሰኞ የሚመጣ ሕመም ስንፍና ወይም የእሑድ መጠጥ ብሎ ይተረጉመዋል። ሠራተኞች ከሥራ የቀሩባቸውን ቀናት ዝርዝር ከሥራው ክፍል ጋር አስተያይቶ የሚያይ ሰው ቢኖር ግን ዝርዝሩ ራሱ ይመሰክር ነበር።

የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ አብዛኛው ልብስና ጨርቃ ጨርቅ ስለሆነ የብረት ብናኝ አይመለከተውም የሚሉ አሉ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ፓርክ ከአልባሳት ጋር ለማሽነሪም ታስቦ ነው የተሠራው፣ የልብስ ፋብሪካም ቢሆን የጥገና ክፍል፣ ብየዳና ግራይንደር የሌለው የለም። የጥጡም ታሪክ ቢሆን መከራከሪያውን አይደግፍም። በ1991 እ.ኤ.አ. በአንድ የእንግሊዝ የሥራ ሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት አንድ የኢትዮጵያ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞችን መርምሮ፣ ጥጥ በሚፈታበት ክፍል ከሚሠሩት 43 በመቶው፣ ጥጥ በሚበጠርበት ከሚሠሩት ደግሞ 37 በመቶ ያህሉ ቢሲኖሲስ እንዳለባቸው አገኘ። ተመራማሪዎቹ ከመሄዳቸው አንድ ቀን በፊት “እዚህ ፋብሪካ የታመመ አለ ወይ?” ተብሎ ቢጠየቅ ኖሮ የሚሰጠው መልስ ዛሬ በብየዳ ቤት ከሚሰጠው እምብዛም የሚለይ አይመስለኝም። በሽተኞቹን ያመጣቸው መጠይቁና የትንፋሽ መለኪያው ነው።

የታመሙት ሰዎችም አንድ ቦታ አይቀመጡም። ብላትማንና ደርኮን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ውስጥ ሥራ ካመለከቱ 1,000 ያህል ሰዎች መካከል ዕጣ በማውጣት ጥናት አካሂደው በ2018 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ዕጣ የደረሳቸው አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ሥራውን ትተውታል፣ በኢንዱስትሪ ሥራ ውስጥ ማለፍ ደግሞ የጤና ችግር እንደጨመረ ታይቷል። ሰው በወራት ውስጥ የሚለዋወጥበት ቤት ሁልጊዜ ጤነኛ ይመስላል፣ ምክንያቱም ያልተስማማው ወጥቷል፣ የቀረው የተስማማው ነው። ሳሉ የበረታበት ወደ አርሲ፣ ወደ ባሌ፣ ወደ ሰላሌ ወይም ወደ ወሎ ወላጆቹ ዘንድ ይመለሳል፣ ሲሞትም በዚያው ይቀበራል፣ የፋብሪካው መዝገብ ላይ ያለው “በፈቃዱ ለቋል” የሚል ነው። በዚህ ላይ ጊዜው ራሱ አለ። ሲሊኮሲስ ብዙውን ጊዜ ከ10 ዓመት መጋለጥ በኋላ ነው የሚታየው፣ ካንሰር ከዚያም በላይ ይቆያል። ፓርኩ ገና 10 ዓመት አልሞላውም። ዛሬ በሽተኛ አለመታየቱን ማስረጃ ማድረግ ገና ያልደረሰ አዝመራ አይቶ ምድሪቱ አታበቅልም እንደማለት ነው።

የዚህ አካባቢ ሰው ይህን ትምህርት አንድ ጊዜ በውድ ዋጋ ተምሮታል። ከአዳማ አጠገብ በወንጂ ሸዋ የስኳር እርሻ የጉድጓድ ውኃው ፍሎራይድ የበዛበት ነበር። ውኃው ጠርቶ ይታያል፣ ጣዕሙም አያስጠላም። የልጆች ጥርስ ሲጠቁር የአካባቢው ተፈጥሮ ነው ተባለ። ለብዙ ዓመታት ከጠጡ በኋላ ግን የአንዳንድ ሠራተኞች አከርካሪ መተጣጠፍ አቃተው፣ አንዳንዶቹ ለመራመድም ተቸገሩ። እነ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በስምጥ ሸለቆ ያለውን የፍሎራይድ በሽታ አጥንተው ካሳተሙ ወዲህ ነገሩ ተፈጥሮ ሳይሆን መጠን መሆኑ ማንም የማይክደው ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፣ የወንጂ ውኃ ከዚያ በብዙ ይበልጥ ነበር። የተወሰደው እርምጃ ፍሎራይድን ከውኃው የሚቀንስ ማጣሪያ መትከል ነበር። ሠራተኛውን የሚያጥብ ነገር እናጠጣው ያለ አልነበረም። አየር ከውኃ የሚለየው በጠርሙስ ተቀድቶ ጠረጴዛ ላይ ባለመቀመጡ ብቻ ነው፣ መለካቱ ግን ይቻላል። ሠራተኛው ኮሌታ ላይ የምትታሰር ትንሽ ፓምፕ ቀኑን ሙሉ በማጣሪያ ወረቀት አየር ትስባለች፣ ማታ ወረቀቱ ይመዘናል፣ ቁጥር ይገኛል። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና የሚያስተምር፣ የአዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅም ሐኪም የሚያሠለጥን ተቋም ነው። ከተማዋ የሚጎድላት እውቀት አይደለም፣ የሚጎድላት ለካ ብሎ የሚያዝ ሰው ነው።

የመጨረሻው መከራከሪያ ገንዘብና ሥራ ነው። “ሥራ የለም እያልን እናለቅሳለን፣ የተከፈተውን ደግሞ በደንብ ብዛት እናስዘጋለን” የሚለው ድምፅ በዚህች ከተማ ከባድ ነው፣ ሥራ ያጣ ወጣት ቤቱ ያለው ሰው አቅልሎ አያየውም። ነገር ግን ስሌቱን እንሥራው። በቀን ግማሽ ሊትር ወተት በዓመት 300 የሥራ ቀን ሲሰላ ለአንድ ሰው 150 ሊትር ይመጣል፣ 20 በያጅ ያለው ቤት በዓመት 3,000 ሊትር ይገዛል። ያ ገንዘብ በየዓመቱ ወጥቶ ከአየሩ አንዲት ቅንጣት አልቀነሰም። በአንጻሩ ዋጋቸው አነስተኛ የሆኑ ነገሮች አሉ፦ ጠረጴዛውን ከፍ አድርጎ በያጁ ከጭሱ በላይ እንዳይጎነበስ ማድረግ፣ ነፋሱ ከጎን እንዲመጣ ቦታውን ማዞር፣ ከመበየድ በፊት ጫፉ ላይ ያለውን የዚንክ ልባስ ማንሳት፣ በኮምፕረሰር መንፋትን መከልከል፣ ወለሉን አርሶ መጥረግ። ከፍ ያለ ወጪ የሚጠይቀው የጭስ መምጠጫው ነው፣ እሱም ቢሆን ብልሃቱ ከትልቅ ማራገቢያ ይልቅ በቅርበት ላይ ነው። የመምጠጫው አፍ ከብየዳው የሚርቅበት ርቀት እጥፍ ሲሆን፣ ጭሱን ለመያዝ የሚያስፈልገው የአየር መጠን አራት እጥፍ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ጣሪያ ላይ ከተሰቀለ ግዙፍ ማራገቢያ ይልቅ እጅ አጠገብ የሚንቀሳቀስ ትንሽ ቱቦ ይሻላል። በፓርክ ውስጥ ደግሞ ሼዱ የተሠራው በመንግሥት ነው፣ የሚከራየውም በመንግሥት ኮርፖሬሽን ነው። ለእሳት አደጋ መውጫ በር የሚጠይቅ አከራይ ለጭስ መውጫ ቱቦ ለመጠየቅ ተጨማሪ ሥልጣን አያስፈልገውም።

ሕጉም ከእኔ ጋር ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ለሠራተኛ ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት ሰጥቷል። ኢትዮጵያ የዓለም የሥራ ድርጅትን የሥራ ደህንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155 በ1983 ዓ.ም. ተቀብላለች፣ ድርጅቱም በሰኔ 2022 እ.ኤ.አ. ይህን መብት ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ጋር አንድ አድርጎታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሥራው ሂደት የአካል፣ የኬሚካልና ሌላ የጤና ጠንቅ እንዳይሆን እንዲጠነቀቅ፣ አደገኛ ሥራ ላይ ያሉትን በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር፣ በሥራ ምክንያት የሚመጡ በሽታዎችንም መዝግቦ ለተቆጣጣሪው እንዲያሳውቅ ያዛል። ስለ ወተት ግን አንድም ቃል የለውም። ስለዚህ ወተት የሚሰጥ ነገር ግን ትንፋሽ የማያስመረምር አሠሪ ያልታዘዘውን አድርጎ የታዘዘውን ትቷል። ተቆጣጣሪውም ወደ ፋብሪካው ሲገባ “ማስክ አለ? ወተት ይሰጣል?” ብሎ ቅጹን ከሞላ ያየው ነገር ሕጉ እይ ያለውን አይደለም።

ሠራተኞች ይህን ሲሰሙ ወተቱ ሊቀርባቸው ነው ብለው እንደሚሰጉ ይገባኛል፣ ስጋታቸውም ተገቢ ነው። ደመወዙ ባነሰበት ቤት ግማሽ ሊትር ወተት ምግብ ነው፣ ከፊሉ ለልጅ ተብሎ ወደ ቤት የሚሄድበትም ጊዜ አለ። ይቀጥል፣ በምግብነቱ ይሰጥ፣ ስሙም የምግብ አበል ይባል እንጂ የአቧራ መድኃኒት አይባል። የሠራተኛ ማኅበራት ለወተቱ የታገሉት አባላቸው እንዳይጎዳ ብለው ነበር፣ ያ ዓላማ ዛሬ ሌላ ጥያቄ ይፈልጋል። በሚቀጥለው የኅብረት ስምምነት ድርድር ከወተቱ አንቀጽ በታች ሦስት መስመር ይጨመር፦ በየክፍሉ ያለው አየር በየዓመቱ ይለካ፣ ማንኛውም በብረት ሥራ ላይ ያለ ሰው ሲቀጠርና ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ትንፋሹ ተለክቶ ውጤቱ ለራሱ ይሰጠው፣ የአየሩ ልኬትም በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተጽፎ በየሥራ ክፍሉ በር ላይ ይለጠፍ።